በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ ባትሪን ማስተዳደር፦ ከዴስክቶፑ ሳይወጡ የሚሠሩ ማስተካከያዎች

ሊኑክስ ባትሪ ይበላል የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ወቀሳው አንዳንዴ እውነትነት አለው። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ የሚመጣው ከመሣሪያ እጥረት ሳይሆን ከመሣሪያ ብዛት ነው። ተጠቃሚው ኃይል ይቆጥባል የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ ይጭናል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት አገልግሎቶች አንዱን ፕሮሰሰር በየፊናቸው ማዘዝ ይጀምራሉ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው መልሶ ይሰቅለዋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ምክር አንድ ነው፦ አንድ የኃይል አስተዳዳሪ ምረጡ፣ እሱን በደንብ አስተካክሉ፣ ሌላ አትደርቡበት።

እዚህ የቀረበው ሥራ ከሞላ ጎደል በመስኮትና በማውስ የሚከናወን ነው። አብዛኞቻችን ኮምፒውተራችንን በእንግሊዝኛ ስለምንጠቀም የምናሌዎቹን ስም ሲነበብ እንደሚሰማው ጽፌዋለሁ። የእናንተ ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን የሚያቀርብላችሁ የሊኑክስ ክፍል) ስሪቱ ለየት ካለ ቃሉ በጥቂቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ቦታው ግን ብዙም አይርቅም።

መጀመሪያ መለካት

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አሁን ያላችሁበትን እወቁ። ካልለካችሁ የምታደርጉት ለውጥ ጠቅሞ እንደሆነ ወይም ጎድቶ እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም።

1. ቻርጀሩን ንቀሉ፤ የማያውን ብርሃን ሁልጊዜ በምትሠሩበት ልክ አድርጉ፤ ከማትፈልጓቸው ፕሮግራሞች ውጡ።

2. የባትሪውን ዝርዝር ክፈቱ። ኖም ዴስክቶፕ ላይ «ፓወር ስታቲስቲክስ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ከሌላችሁ ከሶፍትዌር ማዕከሉ ይጫናል። ኬዲኢ ፕላዝማ ላይ «ኢንፎ ሴንተር» ከፍታችሁ «ኢነርጂ» የሚለውን ተጫኑ። ኤክስኤፍሲኢ ላይ በፓወር ማኔጀሩ መስኮት ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚል ገጽ አለ። ሦስቱም ቁጥራቸውን የሚቀዱት ዩፓወር ከሚባለው አንድ አገልግሎት ስለሆነ የትኛውንም ብትጠቀሙ የምታዩት ተመሳሳይ ነው።

3. ሦስት ቁጥሮች ጻፉ፦ ባትሪው አሁን ሲሞላ የሚይዘው ኃይል፣ ፋብሪካው ሲሠራው እንዲይዝ የታሰበው ኃይል፣ እና በዚህ ሰዓት ከባትሪው እየወጣ ያለው ዋት። ሦስተኛው እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ቻርጀሩ እንደተነቀለ የሚታየው ቁጥር ይዋዥቃል።

ከነዚህ ቁጥሮች ብዙ ነገር ይወጣል። ሲሠራ 50 ዋት-ሰዓት እንዲይዝ የታሰበ ባትሪ አሁን ሲሞላ 40 ዋት-ሰዓት ብቻ የሚይዝ ከሆነ የቀረው አቅም 80 በመቶ ነው። ይህን ያጣውን ክፍል ምንም ዓይነት ሶፍትዌር አይመልሰውም። ያው ባትሪ በ10 ዋት ሲወርድ 4 ሰዓት ይቆያል፤ በ8 ዋት ሲወርድ ደግሞ 5 ሰዓት። ሁለት ዋት የአንድ ሰዓት ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። የኃይል ማስተካከያ ሥራ በሙሉ እነዚህን ሁለት ሦስት ዋቶች ማሳደድ ነው፤ ከዚያ በላይ ተአምር የሚያወራ ካጋጠማችሁ ቁጥሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ብዙዎቹ ዘመናዊ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ከ10 ዋት በታች ይወስዳሉ። የእናንተው ምንም ሳይሠራ 15 ወይም 20 ዋት የሚጠጣ ከሆነ የኃይል ሁነታ መቀየር ብቻውን አያድናችሁም፤ ያልተኛ አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያ «ሲስተም ሞኒተር» ከፍታችሁ ፕሮግራሞቹን በፕሮሰሰር አጠቃቀማቸው ደርድሩ። የተረሳ የብሮውዘር ታብ ወይም ፋይል በማውጫ እየመዘገበ ያለ አገልግሎት እዚያ ላይ ራሱን ያጋልጣል። ጥፋተኛው እዚያ ከሌለ ሁለተኛውን ግራፊክስ ካርድ ጠርጥሩ፤ ወደ እሱ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

ከዴስክቶፑ ጋር የመጣውን መጠቀም

ኖም። ኡቡንቱና ፌዶራ በመደበኛነት ይዘውት የሚመጡት ይህ ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓወር» የሚለውን ክፈቱ።

1. «ፓወር ሞድ» በሚለው ሥር ሦስት ምርጫ ታገኛላችሁ፦ «ፐርፎርማንስ»፣ «ባላንስድ» እና «ፓወር ሴቨር»። ባላንስድ ላይ ተዉት። ከኖም 43 ወዲህ ይህንኑ ምርጫ በማያው የላይኛው ቀኝ ጥግ ካለው ፈጣን ምናሌም መቀየር ይቻላል።

2. «ኦቶማቲክ ፓወር ሴቨር» የሚለውን አብሩ። ባትሪው ሲያንስ ራሱ ወደ ቁጠባ ይገባል።

3. «ዲም ስክሪን» ይብራ፤ «ስክሪን ብላንክ» 3 ወይም 5 ደቂቃ ይሁን። ማያ ከላፕቶፕ ዋና ዋና በላተኞች አንዱ ስለሆነ እዚህ የምታተርፉት ከማንኛውም የረቀቀ ማስተካከያ ሊበልጥ ይችላል።

4. «ኦቶማቲክ ሳስፔንድ» ለባትሪና ለቻርጀር ለየብቻ ይሞላል። በባትሪ ሲሆን 15 ደቂቃ ተገቢ ነው። በቻርጀር ላይ ሳለ ረጅም ማውረድ ወይም ሌላ የሚቆይ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ አጥፉት።

5. «ሾው ባተሪ ፐርሰንቴጅ» አብሩ። ቁጥሩን ሁልጊዜ የሚያይ ሰው ያልታሰበ ነገር ሲበላው ቶሎ ይነቃል።

ኖም ቅንብሮቹን ሆን ብሎ አሳንሶ ነው የሚያቀርበው። ክዳኑ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን እንኳ በዚህ ገጽ ላይ አይመረጥም። አንዳንዱን ሰው ይህ ያበሳጨዋል፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ግን የቀረበው ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ኬዲኢ ፕላዝማ። በኃይል አያያዝ ከሁሉም የበለጠ ምርጫ የሚሰጠው ይህ ዴስክቶፕ ነው፤ ላፕቶፑን ቀኑን ሙሉ በባትሪ ለሚጠቀም ሰው ከየትኛውም አስቀድሜ የምመክረውም እሱን ነው። «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት» ስትከፍቱ ሦስት ገጾች ታገኛላችሁ፦ በቻርጀር ላይ ሲሆን፣ በባትሪ ላይ ሲሆን፣ እና ባትሪው ሲያንስ። እያንዳንዱ ገጽ ስለ ብርሃን፣ ስለ መተኛት፣ ስለ ክዳን፣ ስለ ማጥፊያ ቁልፍና ስለ ኃይል ሁነታ የራሱን መልስ ይይዛል።

የሚጠቅመው አሞላል ይህ ነው። በቻርጀሩ ገጽ ላይ ብርሃኑን እንዳለ ተዉት፤ የኃይል ሁነታውን ባላንስድ አድርጉ። በባትሪው ገጽ ላይ «ቼንጅ ስክሪን ብራይትነስ» የሚለውን 50 በመቶ አካባቢ አድርጉ፤ ማያው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይጥፋ፤ ላፕቶፑ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይተኛ። ባትሪው ሲያንስ በሚለው ገጽ ላይ ብርሃኑን ወደ 30 በመቶ አውርዱ፤ ሁነታውን ፓወር ሴቨር አድርጉ፤ መተኛው ወደ 5 ደቂቃ ይጠር። ከዚህ በኋላ ቻርጀሩን ስትነቅሉና ስትሰኩ ሁሉም በራሱ ይቀያየራል። በእጅ መቀየር የሚረሳ ነገር ስለሆነ እንዲህ አንድ ጊዜ ሞልቶ መተው ትልቅ እፎይታ ነው።

«አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» የሚለው ንዑስ ገጽ ውስጥ ባትሪው «አነሰ» የሚባለው ስንት በመቶ ላይ ሲደርስ እንደሆነ፣ እጅግ ሲያንስ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ይወሰናል። ያረጀ ባትሪ 8 ወይም 10 በመቶ ላይ እያለ በድንገት ሊጠፋ ስለሚችል፣ አቅሙ ለወረደ ባትሪ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ከፍ አድርጉት።

ሌላም ፕላዝማ ያለው ጥሩ ነገር አለ። ከታች ባለው አሞሌ ላይ የባትሪውን ምልክት ስትጫኑ የትኛው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ እንደከለከለ በስም ይነግራችኋል። ላፕቶፑ ለምን እንዳልተኛ ግራ ለገባው ሰው ይህ መስመር ብቻውን ብዙ ፍለጋ ያድናል።

ኤክስኤፍሲኢ። «ፓወር ማኔጀር» ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። «ጄነራል» የሚለው ገጽ ቁልፎችንና ክዳንን፣ «ሲስተም» የሚለው መተኛትንና የባትሪ ማነስን፣ «ዲስፕሌይ» የሚለው ማያን ይይዛል። በየገጹ «ኦን ባተሪ» እና «ፕላግድ ኢን» ተብሎ ለሁለት ስለተከፈለ ለመሙላት ግልጽ ነው። ከ4.20 ስሪት ወዲህ ሦስቱን የኃይል ሁነታዎችም መምረጥ ይቻላል።

ሲናሞን እና ማቴ። የሊኑክስ ሚንት ተጠቃሚዎች በ«ፓወር ማኔጅመንት» ሥር ተመሳሳይ ምርጫዎች ያገኛሉ። ከሚንት 22.1 ጀምሮ ሲናሞን ላይ የኃይል ሁነታዎቹ ተጨምረዋል። ከዚያ በፊት ያለ ስሪት የያዘ ሰው ከታች የምናየው ቲኤልፒ የሚባለው የኃይል አስተዳዳሪ ይጠቅመዋል።

ሦስቱ ሁነታዎች በእርግጥ ምን ይሠራሉ

በነዚህ ቁልፎች ጀርባ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ፕሮፋይልስ ዴሞን የሚባል አገልግሎት ነው። ፌዶራ ከ41ኛው ስሪት ጀምሮ በምትኩ ቲዩንድ የሚባለውን አስገብቷል፤ ለተጠቃሚው የሚታየው ግን ያው ሦስት ምርጫ ነው።

ሁነታውን ስትቀይሩ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትን ወይስ ቁጠባን ያስቀድም የሚለው ዝንባሌ ይቀየራል፤ ሥራ ሲመጣ ምን ያህል ፈጥኖ ከፍ እንደሚልና ከፍ ብሎ እንደሚቆይ የሚወስነው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ የላፕቶፑ ፈርምዌር (ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣው መሠረታዊ ሶፍትዌር) የሚደግፍ ከሆነ ለማራገቢያውና ለሙቀት የተሰጠው ወሰን ይቀየራል። ይህ ሁለተኛው በሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የተካተተው ከ5.12 ስሪት ጀምሮ ስለሆነ በጣም የቆየ ሲስተም ላይ አትጠብቁት።

ስለዚህ ፓወር ሴቨር ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን ኮምፒውተር ብዙም አይለውጠውም፤ ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ቀድሞውንም ተኝቷል። ልዩነቱ የሚታየው ድረ ገጽ ሲከፈት፣ ቪዲዮ ስብሰባ ሲኖር፣ ፕሮግራም ሲጠናቀር ነው። ጽሑፍ ለሚጽፍና ለሚያነብ ሰው ፓወር ሴቨር ሙሉ ቀን ቢበራ አይሰማውም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ደግሞ ሥራውን አጓትቶ ማያው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲበራ ስለሚያደርግ ትርፉ የታሰበውን ያህል ላይሆን ይችላል።

የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቅርብ ስሪቶች ፓወር ሴቨር በባትሪ ላይ ሲበራ የማያው የጀርባ ብርሃን እንዲቀንስ ተደርጎ ቀለሙ በዚያው ልክ ይካካሳል። ምስሉ የደበዘዘ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ከመሰላችሁ ማያው አልተበላሸም። ፎቶ ወይም ንድፍ ስትሠሩ ወደ ባላንስድ መልሱት።

«ፐርፎርማንስ» የሚለው ምርጫ ጭራሽ የማይታይባቸው ላፕቶፖችም አሉ። ማሽኑ ስላልደገፈው እንጂ ከእናንተ ስህተት የመጣ አይደለም። ታይቶ ግን ሙቀት በዝቷል ወይም ላፕቶፑ ጭን ላይ ነው የሚል ማስታወሻ ከሥሩ ካወጣ፣ ፈርምዌሩ ለጊዜው ገድቦት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ይመለሳል።

ባትሪውን 80 በመቶ ላይ ማቆም

ላፕቶፑን አብዛኛውን ጊዜ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። የሊቲየም ባትሪ የሚያረጀው በአገልግሎት ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ፣ በተለይም እየሞቀ ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ይጎዳል። ቀኑን ሙሉ 100 በመቶ ላይ ሆኖ በሞቀ ፕሮሰሰር አጠገብ የሚውል ባትሪ አቅሙን ሳይሠራበት ያጣል። 80 በመቶ ላይ ማቆም የዛሬውን አንድ አምስተኛ ትቶ የነገውን ዓመታት መግዛት ነው።

1. ኬዲኢ ፕላዝማ ላይ፦ «አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» ውስጥ «ቻርጅ ሊሚት» የሚል ክፍል አለ። መሙላት የሚያቆምበትን 80፣ እንደገና የሚጀምርበትን 75 አድርጉ። ሁለቱ ቁጥሮች ተራርቀው የሚቀመጡት ባትሪው በየደቂቃው አንድ በመቶ ወጣ አንድ በመቶ ገባ እንዳይል ነው።

2. ኖም 48 እና ከዚያ በላይ ላይ፦ «ፓወር» ገጽ ውስጥ «ፕሪዘርቭ ባተሪ ኸልዝ» የሚለውን ምረጡ። ቁጥር አትሞሉም፤ ወሰኑን ራሱ ያስገባል።

3. ቀድሞ የነበረ ኖም ላይ፦ «ባተሪ ኸልዝ ቻርጂንግ» የሚባል ተጨማሪ ቅጥያ አለ፤ የ«ኤክስቴንሽን ማኔጀር» ፕሮግራምን ጭናችሁ እዚያው ፈልጉት።

4. ሌላ ዴስክቶፕ ላይ፦ ቲኤልፒ ይህንኑ ይሠራል።

ምርጫው ካልታያችሁ ጥፋቱ የዴስክቶፑ ሳይሆን የላፕቶፑ ነው። ወሰኑን የሚያስከብረው በማሽኑ ውስጥ ያለው የባትሪ መቆጣጠሪያ ስለሆነ፣ አምራቹ ካልፈቀደና ከርነሉ ካላወቀው የሚደረግ ነገር የለም። ቲንክፓዶች የመነሻውንም የማቆሚያውንም ቁጥር ይቀበላሉ። ብዙ የኤሱስ ላፕቶፖች ማቆሚያውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። የሌኖቮ አይዲያፓዶች ደግሞ ቁጥር አይመረጥላቸውም፤ የተወሰነ ወሰን አላቸው፤ የሚበራ ወይም የሚጠፋ ብቻ ነው። አንዳንድ ማሽን ላይ ይኸው ማስተካከያ ባዮስ (ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ስለሚገኝ እዚያም ማየት አይከፋም።

ረጅም መንገድ ስትሄዱ ከመውጣታችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ወሰኑን አጥፉና 100 በመቶ ሙሉት። አልፎ አልፎ መሙላት ባትሪውን አይጎዳውም።

ክዳንና መተኛት

የሊኑክስ ላፕቶፕ ተጠቃሚ በጣም የሚያማርረው ክዳኑን ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ያስገባው ኮምፒውተር ትኩስ ሆኖ፣ ባትሪውም አልቆ መገኘቱ ነው። ለዚህ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ስላሉ ለየብቻ ማየት ይገባል፤ ከነሱ ቀጥሎ እንደ መፍትሔ የሚነሣውን ሃይበርኔትን እናያለን።

የመጀመሪያው አልተኛም ማለት ነው። ውጫዊ ማያ ከተሰካ ሊኑክስ ክዳን ሲዘጋ እንዳይተኛ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ በትልቅ ማያ ለሚሠራ ሰው የታሰበ ነው። ኬብሉን ነቅላችሁ መዝጋትን ልማድ አድርጉ። ፕላዝማ ላይ ክዳኑን በሚመለከተው መስመር ሥር ውጫዊ ማያ ቢሰካም ይተኛ የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። ቪዲዮ የሚያጫውት ፕሮግራም ወይም መተኛትን የሚከለክለው «ካፌን» የሚባል ቅጥያ በርቶ ከሆነም ላፕቶፑ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ በራሱ አይተኛም።

ሁለተኛው፣ ተኝቷል፤ ግን ቀላል እንቅልፍ ነው። የድሮ ላፕቶፖች ሲተኙ ከራም በስተቀር ሁሉም ይጠፋል። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ እንደ ስልክ ግማሽ ነቅተው የሚያንቀላፉበትን መንገድ ነው የሚጠቀሙት፤ አንድ አካል በትክክል ካልተኛ ባትሪው ሌሊቱን ሲወርድ ያድራል። ባዮስ ውስጥ ስለ እንቅልፍ ዓይነት የሚጠይቅ ምርጫ ካለ፣ አንዳንድ ቲንክፓዶች ላይ «ሊኑክስ» ተብሎ የተጻፈ አለ፤ እሱን መምረጥ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ይመልሰዋል። ምርጫው ከሌለ ሌሊት ላይ ማጥፋት ይሻላል። ማሻሻያው ከፈርምዌርም ስለሚመጣ በሶፍትዌር ማዕከሉ በኩል የሚመጡ የፈርምዌር ዝማኔዎችን አትዝለሉ።

የቀረው ሃይበርኔት ነው፤ ማለትም ራም ውስጥ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ መጥፋት። ባትሪ ጨርሶ ስለማይወስድ ማራኪ ነው፤ ግን ለብዙ ሰው ዝግጁ ሆኖ አይመጣም። ራሙን የሚያክል ስዋፕ (ለራም ማገዣ የሚለይ ቦታ) ዲስክ ላይ ያስፈልገዋል፤ ፌዶራ በመደበኛነት የሚጠቀምበት ራም ውስጥ የሚቀመጥ ስዋፕ ለዚህ አያገለግልም። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ሲነሣ የሚያግደው የማሽኑ ጥበቃ) ከበራም ብዙ ስርጭቶች፣ ማለትም እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ይከለክሉታል። ፕላዝማ ወይም ኤክስኤፍሲኢ ምናሌ ውስጥ «ሃይበርኔት» የሚል ካልታያችሁ ከነዚህ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። እንዲሠራ ለማድረግ የዲስክ ክፍፍል መንካት ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አልመክረውም። ሁሉ ሥራ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ለአንድ ምቾት ሲባል አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

ተጨማሪ መሣሪያ መቼ

ከላይ ያለውን ሠርታችሁ የዋቱ ቁጥር አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም ዴስክቶፓችሁ የኃይል ሁነታ ከሌለው፣ ያን ጊዜ ወደ ሌላ አስተዳዳሪ መሄድ ተገቢ ነው። መሄድ ማለት ግን መተካት ነው።

ቲኤልፒ። ለብዙ ዓመታት የተፈተነና የታመነ ነው። ፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን ዋይፋይን፣ ዩኤስቢን፣ ዲስክንና የድምፅ ክፍሉን ጭምር ያስተኛል፤ ቻርጀር ሲሰካና ሲነቀል ራሱ ይቀያይራል። ተጭኖ ዝም ቢባል እንኳ የሚሠራ ጥሩ መነሻ ይዞ ይመጣል። የራሱ መስኮት የለውም፤ ቲኤልፒ-ዩአይ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ቅንብሮቹን በመስኮት ያቀርብላችኋል፤ ፍላትሀብ በሚባለው የፕሮግራሞች ማከማቻ ላይም ይገኛል።

1. ከሶፍትዌር ማዕከሉ ወይም ከጥቅል አስተዳዳሪው ቲኤልፒን ጫኑ። ፓወር ፕሮፋይልስ ዴሞን ይወገዳል የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ተቀበሉ፤ ሁለቱ አብረው አይኖሩም።

2. ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡት። ኖም ላይ «ፓወር ሞድ» የሚለው ክፍል ከጠፋ አትደንግጡ፤ እንዲያውም ቁጥጥሩ ወደ ቲኤልፒ መዛወሩን የምታውቁት በዚህ ነው።

3. ቲኤልፒ-ዩአይን ክፈቱ። በግራ በኩል ክፍሎቹ ተዘርዝረዋል። እያንዳንዱ ቅንብር «ኤሲ» እና «ባት» የሚል ጥንድ አለው፤ የመጀመሪያው ለቻርጀር፣ ሁለተኛው ለባትሪ ነው። የባትሪውን ብቻ ንኩ።

4. በአንድ ጊዜ አንድ ቅንብር ለውጡ፤ አስቀምጡ፤ ዋቱን እንደገና ለኩ። አምስት ነገር አንድ ላይ ለውጦ ችግር ሲመጣ የትኛው እንዳመጣው መለየት አይቻልም።

5. የመሙያ ወሰኑን «ባተሪ ኬር» በሚመለከተው ክፍል ውስጥ ሙሉ፤ ለመጀመሪያው ባትሪ መነሻ 75፣ ማቆሚያ 80።

ማውስ ወይም ኪቦርድ ለጥቂት ሰከንድ ተትቶ ሲነካ የሚዘገይ ከሆነ፣ ወይም የዩኤስቢ ድምፅ መሣሪያ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ የዩኤስቢ ማስተኛው ነው። እሱን በሙሉ ከማጥፋት ይልቅ ያንን አንድ መሣሪያ ቲኤልፒ-ዩአይ ውስጥ ካለው የዩኤስቢ ክፍል መርጣችሁ ከዝርዝሩ አግልሉት።

አውቶ-ሲፒዩፍሬክ የተባለውም የራሱ መስኮት አለው፤ የሚያተኩረው ግን የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በጫናው መጠን በመቀያየር ላይ ነው። ስሊምቡክ ባተሪ ደግሞ ቲኤልፒን ከሥር አድርጎ ሦስት ቁልፍ ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ቲኤልፒ ለፈለገ ግን ዝርዝሩን ማየት ላልፈለገ ሰው ይመቻል። ከነዚህ አንዱን ስትመርጡ ሌላውን አስወግዱ፤ ስሊምቡክ ባተሪ ከሥሩ የሚጠቀምበትን ቲኤልፒ ግን ተዉት።

ፓወርቶፕን ለየት አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። በኢንቴል ባለሙያዎች ተሠርቶ በ2007 የወጣ ነው፤ የሚሠራው በተርሚናል ውስጥ ነው፤ ስሙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ጽፎ ማስነሣት ይበቃል። ዋና ጥቅሙ ምርመራ ነው። በመጀመሪያው ገጹ ላይ ፕሮሰሰሩን በሰከንድ ስንት ጊዜ ማን እንደሚቀሰቅሰው ያሳያል። ሌላ ገጹ «ጉድ» እና «ባድ» እያለ ቅንብሮችን ይመዝናል። ያንን ገጽ አይቶ ሁሉንም «ጉድ» ለማድረግ የሚሮጥ ሰው አለ፤ አትሩጡ። «ባድ» የተባለው አንዳንዱ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ለምሳሌ የተሰካውን ማውስ ማስተኛት በወረቀት ላይ «ጉድ» ነው፣ በእጅ ላይ ግን ያናድዳል። ደግሞም እዚያ የቀየራችሁት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይጠፋል። መርምሩበት፤ ማስተካከሉን ለመረጣችሁት አስተዳዳሪ ተዉት።

ሁለተኛው ግራፊክስ ካርድ

ኤንቪዲያ ካርድ በተጨማሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ ትልቁ ብክነት የሚገኘው እዚህ ነው። ካርዱ ሥራ ሳይኖረው ነቅቶ ከዋለ ብቻውን ብዙ ዋት ይጠጣል፤ ቀደም ሲል የጠቀስኩት ምክንያቱ ያልታወቀ 15 ወይም 20 ዋት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ኡቡንቱና ሚንት ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ «ኤንቪዲያ ኤክስ ሰርቨር ሴቲንግስ» የሚል ፕሮግራም ይገኛል። በውስጡ «ፕራይም ፕሮፋይልስ» የሚለውን ክፈቱ። ሦስት ምርጫ አለ፦ ሁልጊዜ ኤንቪዲያ፣ ሲያስፈልግ ብቻ፣ እና ውስጠ ግንቡ ካርድ ብቻ። ጨዋታ የማትጫወቱና ከባድ የምስል ሥራ የማትሠሩ ከሆነ ሦስተኛውን መርጣችሁ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሡ፤ ከዚያ ዋቱን ለኩ። አልፎ አልፎ የምትፈልጉት ከሆነ «ኦን-ዲማንድ» ይበቃል፤ ካርዱ አዲስ ሲሆን በዚህ ሁነታ ሥራ ሲያጣ በራሱ ይጠፋል፣ የቆዩት ግን ላይጠፉ ይችላሉ።

ሦስተኛውን ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው የተያያዘው ከኤንቪዲያው ካርድ ጋር ነው። ካርዱ ሲጠፋ ውጫዊው ማያ አብሮ ይጠፋል። ፕሮጀክተር ላይ የምታቀርቡት ነገር ካለ ከዚያ ቀን በፊት ሰክታችሁ ሞክሩት።

ለውጡ ሲጠናቀቅ

ወደ መጀመሪያው የባትሪ ገጽ ተመለሱ፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ሥራ ላይ ሆናችሁ ዋቱን እንደገና አንብቡ። የተለካው በተለያየ ብርሃን ከሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ቁጥሩ ካልወረደ የጨመራችሁትን አስወግዱና ዴስክቶፑ ይዞት ወደ መጣው መልሱት።

ከዚያ በኋላ የተለየ ምክንያት እስኪኖር አትንኩት። ስርጭቱን ወደ አዲስ ስሪት ስታሳድጉ ግን አንድ ጊዜ ተመልከቱ፦ አዲሱ ስሪት የራሱን የኃይል አገልግሎት መልሶ አስገብቶ ከሆነ ቲኤልፒ ጎን ሁለተኛ አዛዥ ተቀምጧል ማለት ነው። ኖም ላይ የጠፋው «ፓወር ሞድ» ተመልሶ ከታየ ጠርጥሩ፤ የመሙያ ወሰኑም እንደነበረ መሆኑን ባትሪው 80 ላይ ሲቆም አይታችሁ አረጋግጡ።